የአንሶላው ጫፍ

የወይዘሮ እቴነሽ የአርባ ቀን ተዝካር ወጥቶ፣ ካህናቱም ጎረቤቱም ተሸኝቶ፣ ዳሱ ውስጥ የቀረው የተረገጠ ሣርና ሁለት የተገለበጡ አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ነበሩ። ሐምሌ ነውና ደብረ ታቦር ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ይወርድባታል። ልጃቸው ውብአለም ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የዕቃውን ክምር ታጥባለች። እጇ ሥራ ከያዘ ልቧ ዝም የሚልላት መስሏት ነበር፤ አላለላትም። ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ከዳሱ በር አልተነቀለም። ሰው ሁሉ መጥቷል። ፈንታሁን አልመጣም።

ፈንታሁን ከጤና ጣቢያው በየቀኑ እየተመላለሰ እናቷን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመ ድሬሰር ነው። ባለፈው ሳምንት «ለተዝካሩ እንዳትቀር» ብላ ብትጽፍለት በማግስቱ መልስ ልኮላት ነበር። መልሱን ከኪሷ አውጥታ ማንበብ አያስፈልጋትም፤ በቃሏ ይዛዋለች።

«ለመምህርት ውብአለም ተክሌ። ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ። ለእመይቴ ያደረግሁት ሥራዬን ነው፤ ምስጋና አያሻውም። መምጣት አልችልም። ምክንያቱን እርስዎ ያውቁታል። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ፈንታሁን።»

እርስዎ! ከየካቲት ወዲህ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው። ምክንያቱንስ ከየት ታውቀዋለች? ሳምንቱን ሙሉ የተናገረችውን ቃል አንድ በአንድ እያነሣች መረመረች፤ የሚያስቀይም ነገር አላገኘችም።

ብርሌውን ከብርሌ፣ ዋንጫውን ከዋንጫ ለይታ ደርድራ ስትጨርስ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከመጥረጊያው ጎን፣ ለብቻው የተደፋ አንድ ጣሳ አየች። የቲማቲም ጣሳ ነው። በሽቦ እጀታ ተሠርቶለት እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ውብአለም ታውቀዋለች። አራት ወር ሙሉ፣ ፈንታሁን ሥራውን ሲጨርስ ውኃውንም ቅራሪውንም የምታቀርብለት በዚህ ነበር። ሁልጊዜ ከእንስራው አጠገብ ተቀምጦ ስለምታገኘው እጇ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ከዚያ ያለፈ አስባበት አታውቅም።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ይሄ ሳይታጠብ ቀርቷል» አለች።

ወይዘሮ ዓለሚቱ የአባቷ እህት ናቸው፤ እናቷ ከታመመች ወዲህ ቤቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ቀና ብለው አዩና ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ተዪው እሱን! ከሌላው ጋር እንዳታደባልቂው።»

«ለምን?»

«የድሬሰሩ ነዋ። ክሩን ያሰርሁበት እኔ ነኝ፣ ሰው እንዳይሳሳት ብዬ። የሸክላ ሠሪ ልጅ በጠጣበት አባትሽ ይጠጡ ኖሯል? ቡዳ እኮ ናቸው! አንቺ ተምረሻል፣ ትስቂ ይሆናል።»

ውብአለም አልሳቀችም። ከእጇ የሚንጠባጠበው ውኃ ቀሚሷን ሲያረጥበው እንኳ አላወቀችም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ይነገራል? ራስሽ አይደለሽ ስታቀብዪው የኖርሽው? የምታውቂ መስሎኝ ነዋ!»

የምታውቂ መስሎኝ። እሱም እንዲሁ መስሎታል። ጣሳውን ከመሬት አነሣችና በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች። ከዚያ አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

*

ፈንታሁን እነሱ ቤት የገባው ጥር መጨረሻ ላይ ነበር። በዚያን ሰሞን የትልቁ ሆስፒታል ሐኪሞች እናቷን መርምረው፣ ዕጢው ተሰራጭቷልና መቁረጥ አይጠቅምም፣ ቤቷ ወስዳችሁ አስታምሟት ብለው መልሰዋታል። የጤና ጣቢያው ሹም የሕመም ማስታገሻውን መርፌ በየቀኑ የሚወጋ ሰው ላክሁላችሁ አለ። የመጣው ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነበር።

«ላድናቸው አልችልም» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እንዳያማቸው ማድረግ ግን እንችላለን። እናንተ ካገዛችሁኝ።»

መርፌ ወግቶ ይሄዳል ሲሉት ተቀምጦ አስተማራቸው። የበግ አጎዛ አስመጥቶ፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጎ ከጀርባዋ ሥር አነጠፈ። ከንፈሯ ሲደርቅ በጥጥ እንዴት እንደሚረጥብ አሳየ። ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተኛ ሥጋው ይቆስላልና በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለባት አለ፤ በግራ፣ በጀርባ፣ በቀኝ። የሚገለበጠውም በእጅ እየተጎተተ አይደለም። ከሥሯ የአቡጀዴ አንሶላ ይነጠፋል፤ አንዱ በዚህ በኩል፣ አንዱ በዚያ በኩል ጫፉን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ይቆጠራል፤ በሦስት አብረው ያነሣሉ። አንዱ ከቀደመ ሕመምተኛዋ ትጮኻለች።

አንሶላው በተያዘ ቁጥር አባቷ ግራዝማች ተክሌ «እስኪ በቅሎዋን ውኃ ላጠጣት» ብለው ይወጣሉ። በቀን ስድስት ጊዜ ውኃ የምትጠጣ በቅሎ ደብረ ታቦር አይታ አታውቅም። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ውብአለም ያዘች። ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፤ ጠመኔው ከጣቷ ሳይለቅ አንሶላውን ትጠቀልላለች፤ ቀና ስትል እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ይጠብቃታል።

«አንድ» ይላል እሱ። «ሁለት» ትላለች እሷ። ሦስትን አብረው ነበር የሚሉት። እንዲያ እንዲሆን የተስማሙበት ቀን አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋለች። እናቷን ከመንካቱ በፊት ሁልጊዜ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ጥቂት ይቆማል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ሸለብ ሲያደርጋት፣ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«እንዲሞቅ ነው። እናቴ ክረምት ከበጋ ጭቃ ስታሽ ስለምትውል እጇ በረዶ ነበር። እኛን ከመንካቷ በፊት እንዲህ ታደርግ ነበር።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የሚወረወርበትን ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ጨመረ፤ «ሸክላ ሠሪ ናት። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ ውብአለም።»

«እና?» አለችው።

ፈንታሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ አያት። አያትና ሳቀ፤ ሳቁም እንባ የቀረበው ነበር። ውብአለምም የምታደርገው ነገር ፈልጋ ውኃ ልትቀዳለት ብድግ አለች።

ቀይ ክር በታሰረበት ጣሳ ቀድታ በእጇ ሰጠችው።

ተቀብሎ ጣሳውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ትዝ አላት። ልጅ ሆኖ በየደጁ ያየው ጣሳ ነው፤ እንዴት አይለየው! እስከ ጠብታው ጠጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በማግስቱም መጣ። እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ እናቷ አንድ ቀን እንኳ ሳትጮኽ እስካረፈችበት ጠዋት ድረስ፣ በየቀኑ መጣ። እሷ ግን ያን ሳቅ ዳግመኛ አላየችውም።

እናቷ ከማረፏ ሳምንት በፊት ባሏንና ልጇን ጠርታ ነበር።

«ይህን ልጅ በምን ታመሰግኑታላችሁ?»

«ሙክት እልክለታለሁ» አሉ ግራዝማች።

«ሙክቱን ይተዉት። እሱ ያልነፈገን እጁን ነው። እናንተም እጃችሁን እንዳትነፍጉት።»

*

በማግስቱ ማለዳ ውብአለም ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ዘበኛው አቶ ሞላ ከጎጆው ሆኖ በእጅ ጠራት።

«ታካሚ ነሽ ጠያቂ? ፊትሽስ ሁለቱንም ይመስላል።»

«ጓድ ፈንታሁንን ፈልጌ ነበር።»

«የለም። የአሥር ቀን ፈቃድ ወስዶ አገሩ፣ ጉና ተራራ ሥር ገብቷል። እናቱ እኮ ታመውበታል፣ ጉሮሯቸው ተዘግቶ። ሆስፒታል ወስዶ መልሷቸዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝውውርም ጠይቋል አሉ፤ ወዲያ ማዶ፣ ወለጋ ነው ምን። እናቱ ካረፉ የሚያቆየው የለማ። አሁን ግን ጨንቆታል። ፈቃዱ ሲያልቅ ማን አጠገባቸው ይሁን? ጎረቤቱ አይጠጋቸው። እኔም ሄጄ ልጠይቅ ብል ሚስቴ «ከዚያ ቤት መጥተህ ልጆቼን አትነካም» አለችኝ።»

አቶ ሞላ ይህን ብሎ አፍሮ ኮቱን መጠራረግ ጀመረ። ውብአለምም የምትታዘበው አልነበራትም። እሷም ቤት ጣሳ አለ።

ቤት እንደደረሰች የእናቷን አጎዛ ጠቀለለች፤ በላዩም አንሶላውን አጥፋ አደረገች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «የሟች መኝታ ለነፍስ አባቷ እንደሚሰጥ አታውቂም? አባ ነገ ሰው ይልካሉ።»

«አባን እኔ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የፈንታሁን እናት ታመዋል። ላስታምም መሄዴ ነው፣ ከጉና ሥር።»

ግራዝማች ተክሌ ከመደቡ ላይ ነበሩ። ከጉና ሥር ሲባል ቀና አሉ። ስድሳ ሰባት ላይ መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የተወሰደባቸው ማሳ እዚያ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ከማሳው ጫፍ ቁራሽ ቆርጦ፣ መሬት ኖሯት ለማታውቅ ሸክላ ሠሪ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግራዝማች ያንን መንገድ ረግጠውት አያውቁም።

«የማን ልጅ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ?» አሉ።

«የእቴነሽ ልጅ ነኝ፣ አባባ።»

ከቦርሳዋ ጣሳውን አውጥታ ከእንስራው ውኃ ቀዳችበት። አክስቷ «ኧረ በማርያም!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ውብአለም ቆማ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ጠርዙ ከንፈር የሚያሻክር መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች።

«እማዬን አራት ወር ያገላበጠ ሰው በዚህ ነው ያጠጣነው። በኔ እጅ።»

ግራዝማች የጭራቸውን እጀታ አሻሹ። 

«በቅሎዋን አልሰጥሽም» አሉ።

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

ከደጅ ስትወጣ ዞር ብላ አየቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ነበር። የተቆጣ ሰው እንዲያ አይዞርም። ይህን አስተዋለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ከቁጣቸው ይልቅ ይህ አለመግባቱ ልቧን ከበደው።

*

ሦስት ሰዓት ጭቃ ተራምዳ ደረሰች። ቤቲቱ ትንሽ ሣር ክዳን ናት። ክረምት ሸክላ አይደርቅምና ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ከግድግዳው ሥር ተደርድረው እርጥበት ይተነፍሳሉ። እማማ ማሬ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከድርብ ጆንያ ሥር አካላቸው ያለ አይመስልም፤ ዓይናቸው ብቻ ነቅቷል።

«ማነሽ፣ እመቤቴ?»

«ውብአለም እባላለሁ፣ እማማ። የእቴነሽ ልጅ።»

«የግራዝማች ተክሌ እቴነሽ?» ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ነው። «የቤታችሁን ጋን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሐሙሲት ገበያ ድረስ መጥታ «አንገቱን ጠበብ አድርጊው» አለችኝ። ደግ ናት። አለች?»

«አርፋለች፣ እማማ። ልጅዎ አስታመማት።»

«እሱማ እጁ ሙቅ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መንገድ ደክሞሽ፣ ጠምቶሽ ይሆናል። ግን ከዚህ ቤት አትጠጪ፣ ልጄ። ኋላ ስም ያወጡብሻል።»

ውብአለም ከማሰሮው ጎን የተቀመጠችውን አንዲት የሸክላ ዋንጫ አንሥታ ቀድታ ጠጣች። እማማ ማሬ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩ።

«አፏ ሸርፏል። ለእንግዳ የሚሆን ሌላ አልሠራሁም» አሉ በሐፍረት።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ፈንታሁን የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ ቆሟል። ዋንጫዋን አየ፤ ውብአለምን አየ፤ ጀሪካኑን ማስቀመጥ ረሳ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለ ቀስ ብሎ። «ለማዘን ከሆነ፣ ቤታችን ይህን ይመስላል። አይተሻል።»

«ይህን ልመልስልህ መጣሁ» አለችና ጣሳውን አወጣች። «ትናንት ነው ያወቅሁት። አላወቅሁም ነበር ብል ታምነኛለህ?»

«በእጅሽ ነው የሰጠሽኝ።»

«በእጄ ነው።»

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ ብዬሽ፣ «እና?» ብለሽኝ፣ በዚያው ዕለት! እድሜ ልኬን የዚያን ጣሳ ክር በየቤቱ አውቀዋለሁ። አንዱ ቀይ ያስራል፣ አንዱ ጨርቅ። የማንም አላመመኝም። «እና?» ያለችኝ ሴት ግን…» አልጨረሰውም።

«ከእንስራው አጠገብ ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው። የቅርቡን ማንሣት ነው የማውቀው፤ ጥፋቴ ይሄ ነው። ቤቴ ውስጥ እየኖርሁ፣ ማን በምን እንደሚጠጣ ሳላይ ኖርሁ።» ዓይኗን አልሰበረችም። «ካላመንኸኝ ችግር የለም። ለመታመን አልመጣሁም። እናትህ በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለባቸው፤ ለብቻህ ነህ። እኔ መያዝ እችላለሁ። አንተ ነህ ያስተማርኸኝ።»

እማማ ማሬ ከመደቡ ላይ አቃሰቱ። ሁለቱም ንግግሩን ተዉት። ውብአለም አጎዛውን ፈትታ አነጠፈች፤ አንሶላውን በላዩ ዘረጋች። ፈንታሁን አንሶላውን አወቀው፤ ጥግ ላይ እናቷ በነጭ ክር የጣፈቻት ቦታ አለች። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ። እሷም ከተተች። ፊት ለፊት ቆመው እጃቸው እስኪሞቅ ጠበቁ።

«አንድ» አለ።

«ሁለት» አለች።

ሦስት ላይ የሱ ድምፅ ጠፋ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። አሮጊቷ ግን ሳይጮኹ ተነሡ፤ ሳይጮኹ አረፉ። እሱ ፊቱን ወደ ማሰሮዎቹ አዞረ፤ ትከሻው ሲርገበገብ እያየች ውብአለም አልነካችውም። ከእናቱ ጉንጭ ላይ ጠጉር ብቻ መለሰች፤ እሱን የነካች ያህል ነበር።

*

ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ትምህርት ቤት ዝግ ነውና እሷ ቀረች። ሲሄድ «ያን ዝውውር እተወዋለሁ» አላለም፤ እሷም አልጠየቀችውም። «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብቻ አለ። ለውብአለም ግን በቀን መቁጠሪያው ላይ ከቅዳሜ በቀር ሌላ ቀን የቀረ አልመሰላትም። ማገላበጡን ከታች ቤት የምትኖረው ሌላዋ ሸክላ ሠሪ ውዴ እየመጣች ታግዛታለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ውዴ ገበያ ወጥታ ሳለ ከደጅ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ውብአለም ብቅ አለች። አባቷ በዝናብ ካባ ተጠቅልለው በቅሎዋ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው፣ ኮርቻው ላይ፣ የእናቷ ጋቢ ታጥፎ አለ። እሳቸው ግን እሷን አያዩም፤ ከአጥሩ ሥር ዶሮዎች ውኃ የሚጠጡበትን፣ ቀይ ክር የታሰረበትን ጣሳ ያያሉ።

«እዚህ ገብስ ነበር የምዘራ» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ይህን ጋቢ ውሰጂላቸው። ብርድ ነው። እኔ አልወርድም።»

«ማነው?» አሉ እማማ ማሬ ከውስጥ።

«አባቴ ናቸው።»

«ግራዝማች? ከኔ ደጅ?» ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ተሰማ። «ወይኔ! አንሺኝ፣ ልጄ፤ ተኝቼ ነው የምቀበላቸው?»

ውብአለም ሮጣ ገባች። አሮጊቷ ሊነሡ ሲሞክሩ ከአጎዛው ተንሸራተው በጎን ተደፍተዋል፤ ሕመሙ ትንፋሻቸውን ቀጥ አድርጎታል። አንሶላውን በአንድ ጫፍ ያዘች። ብቻዋን ብትጎትት ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

«አባባ! ለአንድ ሰው አይሆንም! ይምጡ!»

ከውጭ ከኮርቻ የመውረድ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አባቷ በሩን ሞልተው ቆሙ። ውኃ ከካባቸው ይንጠባጠባል።

«በቅሎዋን ውኃ…» አሉ፤ አሉና ቆሙ። የሚሉት ነገር ለራሳቸውም የተሰማቸው ያን ጊዜ ይመስላል። ካባቸውን አውልቀው መሬት ጣሉት። ጎንበስ ብለው ገቡ። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዙ።

«ይህን ለእናትሽ አላደረግሁም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ፈርቼ ነው። በእጄ የምትሰበር መስሎኝ። በየቀኑ… በየቀኑ ነገ እይዛለሁ እያልሁ።»

ውብአለም ያን ዕለት ለምን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ አሁን ገባት። እንባዋ አንሶላው ላይ ወረደ።

«እንዴት ነው የምትቆጥሩት?» አሉ ግራዝማች።

«እርስዎ ይቁጠሩ፣ አባባ» አለ ድምፅ ከኋላቸው።

ፈንታሁን በሩ ላይ ቆሟል። ከደብረ ታቦር እየገሰገሰ መጥቶ ትንፋሹ አልሰበሰበም። ዘሎ ገብቶ ጫፉን ከሽማግሌው እጅ አልተቀበለም። እዚያው እንደቆመ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተና ጠበቀ። አባባ ያላቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አንድ» አሉ ግራዝማች ተክሌ። «ሁለት።» «ሦስት።»

እማማ ማሬ እንደ ላባ ተነሥተው አጎዛው ላይ አረፉ። ትንፋሻቸው ተመለሰ። ውብአለም የእናቷን ጋቢ አለበሰቻቸው።

«እግዜር ያክብርልኝ፣ ጌታዬ» አሉ አሮጊቷ። «ምን ላቅርብልዎ? ቤቴ ጣሳ የለውም።»

ግራዝማች ላባቸውን ጠረጉ።

«ጣሳ አልጠየቅሁም። ውኃ ጠምቶኛል» አሉ። «እጅዎ በሠራው ዋንጫ ስጡኝ።»

ፈንታሁን አፏ የሸረፈውን ዋንጫ ሞልቶ፣ በሁለት እጁ አቀረበ። ሽማግሌው ተቀብለው ሲጠጡ የጉሮሯቸው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ግማሽ ሲደርሱ አቆሙ፤ ጢማቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

«መቼ ነው ደግሞ የሚገለበጡት?»

«ከሁለት ሰዓት በኋላ» አለች ውብአለም።

«እንግዲያው በቅሎዋን ላስራት» ብለው ወጡ። ከደጅ ሲያነጋግሯት ይሰማል፤ ዛሬስ ውኃ አላጠጧትም።

ፈንታሁን ዋንጫዋን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ወደ ውስጧ አየ። ግራዝማች ካስቀሩት ውኃ ጥቂት ተጎነጨና የቀረውን ለውብአለም ዘረጋላት።

«ሰኞ ጤና ጣቢያ ስገባ የምቀደው የዝውውር ማመልከቻ አለኝ» አለ። «አሁንም «እና?» ትይኝ ይሆን?»

ውብአለም ዋንጫዋን ከንፈሩ ባረፈበት በኩል አዙራ ጠጣች። ውኃው የጉና ብርድ አለበት፤ የጭቃም ጣዕም አለው። ዓይኗን ስትገልጥ ያ ከየካቲት ወዲህ ያላየችው ሳቅ ፊቱ ላይ ነበር።